ታይኮቦ፤ ዓሣ አጥማጁ የጦር መካሪ



ዘንድሮ የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ስለ አንድ የጃፓን ሥዕል ነው። ዋናው ያለው በኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየም ሲሆን፣ እኛ ያየነው በመጽሐፍ ታትሞ ነው። የተሣለው ታጥፎ በሚቆም ባለ ሁለት ገጽ መከለያ ላይ ነው፤ መደቡ ወርቅ ነው። አንድ ሽማግሌ ወንዝ ዳር ቁጭ ብለዋል። የዳርቻውም የውሃውም መሥመር እየተጠማዘዘ መጥቶ ወደ ሆዳቸው ይሰበሰባል። ሰይፍ የለ፣ ፈረስ የለ፣ ሠራዊት የለ። የጦር ስልት አዋቂ ናቸው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሽማግሌው ቻይናዊ ናቸው፤ በአገራቸው ጂያንግ ዚያ፣ በጃፓን ታይኮቦ ይባላሉ። ዘመናቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት 11ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ታሪካቸው ከተረት ጋር ተደባልቋል። እንደሚባለው ሰባ ዓመት እስኪያልፋቸው ድረስ ድሃ ነበሩ። ዌይ በሚባል ወንዝ ዳር ሲያጠምዱ መንጠቆአቸው ቀጥ ያለ ነበር አሉ፤ ለካ የሚጠብቁት ዓሣ ሳይሆን ንጉሥ ኖሯል! የጆው ንጉሥ ዌን ለአደን ወጥተው አገኟቸውና፣ አነጋግረዋቸው ሲያበቁ በሠረገላቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ንጉሡ ቢሞቱም ልጃቸው ንጉሥ ዉ በኒሁ ሽማግሌ ምክር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ገደማ ሙዬ በተባለ ቦታ የሻንግን መንግሥት ድል አደረጉ። ለሽማግሌውም በዛሬው ሻንዶንግ የሚገኘው የቺ ግዛት ተሰጣቸው። በስማቸው የሚጠራ የጦር ስልት መጽሐፍም አለ፤ ሊቃውንት ግን ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው ይላሉ።

ሚስታቸው ድህነቱ ቢመራት ጥላቸው ሄዳ ነበር ይባላል። ከተሾሙ በኋላ ታረቁኝ ብላ ብትመጣ፣ ውሃ መሬት ላይ ደፍተው መልሳ እንድታፍሰው ጠየቋት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የኛ ብቻ ተረት መስሎን ነበር። በዚህ እንኳ ከሳቸው ጋር አንስማማም፤ የረሀቡን ዘመን አብራ ያየች ሴት ናት እኮ።

ሠዓሊው ኦጋታ ኮሪን (1658–1716 እ.ኤ.አ.) የኪዮቶ ልብስ ነጋዴ ልጅ ነበር። የወረሰውን ሀብት በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው በሥዕል መተዳደር የያዘው። ሽማግሌው ድል ያደረጉበትን ቀን መሣል ሲችል፣ ገና ማንም ሳይጠራቸው የተቀመጡበትን መረጠ። እኛም መዝገብ ቤቱን ለወጣቶች አስረክበን ጡረታ ከወጣን ወዲህ፣ «አሁን ምን ይሠራሉ?» ስንባል መልስ ያጥረን ስለ ነበር፣ ይህ ምርጫው ደስ አሰኘን።

ጃፓኖች ዛሬም ዓሣ ማጥመድ የሚወድን ሰው ታይኮቦ ይሉታል። ባለቤታችንም ይህን ካነበብንላት ወዲህ፣ በረንዳ ላይ ስንቀመጥ በዚሁ ስም ትጠራናለች።