የሁዊ ሎንግ መንገድ ስንት አስወጣ?

ስለ ሉዊዚያናው አገረ ገዥ ስለ ሁዊ ሎንግ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሚዛን ይዞ የሚቀርብ ነው። በአንዱ ሰሃን መንገድ፣ ድልድይና የመማሪያ መጽሐፍ ይቀመጣል፤ በሌላው ጉቦ፣ ማስፈራሪያና በአንድ ሰው ቃል የሚነሣና የሚቀመጥ ምክር ቤት። አድናቂው «ቢበላም አሠራ» ይላል፤ ነቃፊው «ቢያሠራም ፈላጭ ቆራጭ ነበር» ይላል። ሁለቱም ሳይነጋገሩ የተስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ጡንቻው ባይኖር ልማቱ አይመጣም ነበር የሚል። የሥራዎቹን ዓመት በቅደም ተከተል ለደረደረ ሰው ይህ ስምምነት መሠረት የለውም።

ሎንግ በ1893 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ሉዊዚያና ዊንፊልድ በተባለች ከተማ ተወለደ፤ ለቤቱ ሰባተኛ ልጅ ነበር። ከከተማ ከተማ እየዞረ ሸቀጥ ሲሸጥ ቆየ፤ ከዚያ አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላ የሕግ ትምህርት ተምሮ በ21 ዓመቱ ጠበቃ ሆነ። በ1918 የባቡርና የስልክ ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው የግዛቱ ኮሚሽን ተመረጠ፤ እዚያም ስታንዳርድ ኦይልን እየሞገተ ስም አወጣ። በ1924 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ፤ በ1928 አሸነፈ። የተረከበው ግዛት ባለ ሰፋፊ እርሻ ጌቶች፣ የነዳጅ ኩባንያዎችና የኒው ኦርሊንስ ከተማ ፖለቲከኞች ለዘመናት የተከፋፈሉት ነበር፤ ደህና የተነጠፈው መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ለውጡ ፈጥኖ መጣ። በዚያው በ1928 ምክር ቤቱ ለተማሪዎች ሁሉ ነፃ የመማሪያ መጽሐፍ የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ ወጪውም ከመሬት በሚወጣ ነዳጅና ሌላ የተፈጥሮ ሀብት ላይ በሚጣል ግብር ተሸፈነ። የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎችም መጽሐፉን ማግኘታቸው ክስ ቢያስነሣ፣ በ1930 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸናው። ለመንገድ የተበደረው ገንዘብም ለሕዝብ ድምፅ የቀረበ ነው፤ መራጩ በ1928ም በ1930ም ቦንዱን አጽድቋል። በሎንግ ዘመን ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተነጥፏል፤ ከ100 በላይ ድልድይ ተሠርቷል። በ1931 የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ ሁሉ የተጀመረው ተቃዋሚዎቹ በምክር ቤቱ ውስጥ ጥርስ በነበራቸው ጊዜ ነው፤ ያውም ከወንበሩ ሊያወርዱት ጥቂት የቀራቸው።

«እሱን አታንሣ፤ የ1929ኙ ክስ ራሱ ጡንቻ ማስፈለጉን ያሳያል» የሚል ይኖራል። ሎንግ በሚጣራው ነዳጅ ላይ በበርሜል 5 ሳንቲም ግብር ልጣል ባለ ጊዜ የታችኛው ምክር ቤት በጉቦና በገንዘብ ብክነት ከሰሰው። ያተረፉት 15 ሴናተሮች ናቸው፤ ምንም ማስረጃ ቢመጣ ጥፋተኛ አንለውም ብለው አስቀድመው ፈረሙ፤ ከ39 ሴናተሮች ደግሞ ከሲሶ በላይ እምቢ ካለ ክሱ ይወድቃል። ብዙዎቹ በኋላ ሹመትና ውለታ አግኝተዋል። የካዶ ወረዳ መጽሐፉን አልቀበልም ሲልም፣ ሎንግ ለጦር አውሮፕላን ማረፊያ የሚፈለገውን የግዛቱን መሬት ይዞ አስገደደው። እነዚህን አልክድም፤ ብልጠቱንም አለማድነቅ ይከብዳል። ነገር ግን ድርድር፣ ዛቻና ውለታ በየትኛውም ምክር ቤት ጓዳ የሚገኝ የፖለቲካ ገበያ ነው፤ ፍርድ ቤትም፣ ጋዜጣም፣ መራጭም ገና በቦታቸው ነበሩ።

ሌላው ሎንግ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1930 ለፌዴራሉ ሴኔት ቢመረጥም ምክትሉን ስላላመነ እስከ 1932 ወንበሩን አልለቀቀም፤ ከዚያ ኦ. ኬ. አለን የሚባል ታማኙን አስቀምጦ ከዋሽንግተን ሆኖ ሉዊዚያናን ገዛ። ከመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ለድርጅቱ ይቆረጥ ነበር። በ1934 የግዛቱ ዘብ ጦር በኒው ኦርሊንስ የመራጮች ምዝገባ ቢሮን ያዘ። ከዚያ ዓመት ነሐሴ እስከ ዕለተ ሞቱ ምክር ቤቱ ሰባት ጊዜ በአስቸኳይ ተጠርቶ የከተማዎችን ሥልጣን ለአገረ ገዥው የሚያዛውሩ ሕጎችን አከታትሎ አጸደቀ። በሳምንት ከ20 ሺህ ቅጂ በላይ በሚያሳትሙ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ ላይ 2 በመቶ ግብር ተጣለ፤ አብዛኞቹ የእሱ ነቃፊዎች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግብሩን በ1936 በሙሉ ድምፅ ሻረው። ከእነዚህ ሕጎች አንድም ድልድይ አልተዘረጋም።

ጡንቻው አስፈላጊ ነበር ለሚሉት ጠንካራው መከራከሪያ የመምረጫ ግብር መሻር ነው። ድሃውን ነጭ ከድምፅ መስጫ ያራቀው ይህ ግብር የተሻረው በ1934፣ ሎንግ በበረታበት ዓመት ነው። ነገር ግን የተሻረው በሕዝበ ውሳኔ ነው፤ መራጩ በሰፊው ደግፎታል። ጥቁሩ ዜጋ ግን በሌሎች መሰናክሎች ከምርጫው እንደታገደ ቀረ፤ ያን ያህል ሥልጣን የሰበሰበው ሎንግም ያን ሊያፈርስ አልተነሣም።

መስከረም 8 ቀን 1935፣ ጄኔቫ በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ጉዳይ ተጠምዳ በነበረበት ሰሞን፣ ሎንግ ራሱ በባተን ሩዥ ባሠራው ባለ 34 ፎቅ የግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ በጥይት ተመታ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በ42 ዓመቱ ሞተ። ተኩሷል የተባለው ሐኪም ካርል ዋይስ ነው፤ በዚያ ጉባኤ የቀረበ አንድ ሕግ የሚስቱን አባት ከዳኝነት ወንበር የሚያስነሣ ነበር። ጠባቂዎቹ ዋይስን እዚያው ገደሉት። መሪው ቢሞትም ያለ ተቆጣጣሪ የቀረው ሥልጣን ለወራሾቹ ተላለፈ። በ1939 ከወራሾቹ አንዱ የሆነው አገረ ገዥ ሪቻርድ ሌሽ በሙስና ቅሌት ሥልጣን ለቀቀና በኋላ ታሰረ፤ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትም ወህኒ ወረደ።