ሌዘር በድድና በጥርስ ሕክምና፦ ከንቅሳት ቀለም ባሻገር

ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ በስሜን ተራሮች እስከ ደረስጌ ባሉ መንደሮች፣ ፈገግ ሲሉ ድዳቸው ጠቁሮ የሚታይ እናቶች አሉ። ድድ መነቀስ በሰሜን ኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። ነቃሿ በእሾህ ወይም በአንድነት በታሰሩ መርፌዎች ድዱን ደጋግማ እየወጋች ጥላሸት ትቀባበታለች። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይሰጣሉ። አንደኛው ውበት ነው፤ የጠቆረ ድድ ጥርስን አንጽቶ ያሳያል። ሁለተኛው ሕክምና ነው፤ የሚደማና የሚያም ድድ በንቅሳት ይጠነክራል ተብሎ ይታመናል።

ዛሬ ይህን ቀለም ማደብዘዝ ወይም ማጥፋት የሚችል መሣሪያ አለ፤ ሌዘር ይባላል። ሆኖም ሌዘር ቀለሙን ቢያነሣም፣ እናቲቱን መጀመሪያ ወደ ነቃሽ የወሰዳትን የድድ ሕመም አብሮ አያነሣም። መሣሪያው የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌዘር ምንድን ነው?

ሌዘር አንድ ዓይነት የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ሳይበተን በአንድ አቅጣጫ የሚጓዝ ብርቱ ብርሃን ነው። የሐሳቡን መሠረት አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ያስቀመጠ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን መሣሪያ አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን በ1960 ሠርቶ አሳይቷል። ብዙም ሳይቆይ በጥርስ ላይ ተሞከረ፤ ነገር ግን የቀድሞው መሣሪያ ሙቀት በጥርስ ውስጥ ያለውን ነርቭና የደም ሥር የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሌዘርን ለድድና ለመሰል ለስላሳ አካላት በ1990፣ ለጥርሱ ለራሱ ደግሞ በ1997 ፈቅዷል።

የሌዘር ዓይነቶች የሚለያዩት ብርሃናቸውን በሚቀበለው አካል ነው። ከ810 እስከ 980 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ዳዮድ ሌዘር በቀለምና በደም ስለሚሳብ፣ ድድን እየቆረጠ ደሙን ያቆማል። 2,940 ናኖሜትር የሆነው ኤርቢየም ሌዘር ግን በውኃ ይሳባል። በጥርስ ውስጥ ያለችው ጥቂት ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ስትለወጥ የበሰበሰውን ክፍል ፈንቅላ ታወጣዋለች። በዚህም የተለመደው የመሰርሰሪያ ድምፅና መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ ማደንዘዣ ግን አንዳንድ ጊዜ አሁንም ያስፈልጋል።

ጥቁር ድድ ሁሉ አንድ አይደለም

ብዙ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሮ ጠቆር ያለ ድድ አላቸው፤ ይህ በሽታ አይደለም። ቀለሙ የሚገኘው በድዱ የላይኛ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ፣ ለመልክ ሲባል በሌዘር ቢነሣም ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል።

የንቅሳት ቀለም ግን ከሽፋኑ በታች ጠልቆ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ላዩን ብቻ መፋቅ አይበቃም። ለዚህ የሚመረጡት የሌዘር ዓይነቶች ብርሃናቸውን በቢሊዮንኛ ሴኮንድ በሚለካ ፍጥነት ይለቃሉ። የቀለሙን ቅንጣት ይሰባብሩታል፤ ስብርባሪውን የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይጠርጉታል። ሕክምናው ከአንድ ጊዜ በላይ መደገም ሊያስፈልገው ይችላል።

ይህ ዘዴ ኢትዮጵያዊ ልማድን አግኝቶ ተፈትኗል። ከጎንደርና አካባቢው ጭምር ወደ እስራኤል ከሄዱ ቤተ እስራኤላውያን መካከል ንቅሳታቸውን ለማጥፋት የፈለጉ ነበሩ። በዚያ የተሰጣቸው የሌዘር ሕክምና ውጤት በ2004 በአንድ የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ጥናቱ የተመለከተው የቆዳ ንቅሳትን ነው። በድድ ላይም መርሑ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ ድድ ስስ በመሆኑና ጥርስና አጥንት ከሥሩ ስላሉ የላቀ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ሳይነቀሱት በድንገት የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም የሚቆስል ጥቁር ነጠብጣብ በሌዘር ከመነካቱ በፊት በሐኪም መመርመር ይኖርበታል። አልፎ አልፎ የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሌዘሩም ለምርመራ የሚያስፈልገውን ሥጋ አቃጥሎ ሊያጠፋው ይችላል።

ሌዘር የማይተካው

ድድ በብዛት የሚደማው በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ በሚከማች ተሕዋሲያን የተሞላ ቆሻሻ ምክንያት ነው። ቆሻሻው ሲቆይ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ድዱ ይቆጣል፤ በመጨረሻም ጥርሱን የያዘው አጥንት ይመነምናል። ንቅሳት ይህን አያስቆምም። ይልቁንም የቁጣውን መቅላት በጥቁር ቀለም ይሸፍነዋል። የተነቀሰች እናት ድዷ መቅላቱን በመስተዋት ልታይ ስለማትችል፣ ስትፍቅ የምታየው ደም ዋነኛ ምልክቷ ነው። መርፌው ወይም እሾሁ ለብዙ ሰው ያገለገለ ከሆነም የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

የድድ በሽታ ሕክምና መሠረት ቆሻሻውን በእጅ መሣሪያ ወይም በንዝረት በሚሠራ መሣሪያ መጥረግ ነው፤ ሌዘር በዚህ ላይ የሚጨምረው ጥቅም ውስን ነው። በብረት የተሞላ ጥርስን ለማደስም ሌዘር አይመከርም። በሚሠራበት ጊዜ ታካሚውም ሐኪሙም ለሞገዱ የተዘጋጀ መነጽር ማድረግ ይገባቸዋል፤ ጨረሩ ዓይንን ሊያሳውር ይችላል።

ለስሜን ነዋሪ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የአፍ ውስጥ በሽታ አለበት፤ አብዛኛው ግን መከላከል የሚቻል ነው። ውድ መሣሪያ በሌለበትም መንገድ አለ። በ1980ዎቹ በታንዛንያ የተጀመረው ዘዴ ለዚህ ምስክር ነው። በዚህ ዘዴ የበሰበሰው የጥርስ ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ መሣሪያ ብቻ ይጠረግና ክፍተቱ ፍሎራይድ በሚለቅ መሙያ ይደፈናል። ዘዴው የሚሠራው ግን ጉድጓዱ ጥልቅ ሳይሆን ነው።

ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። በቤት ደግሞ በቀን 2 ጊዜ በፍሎራይድ ሳሙና መቦረሽ ይመከራል፤ የወይራ መፋቂያም እስከ ድዱ ጠርዝ በእርጋታ ከተፋቀበት ቆሻሻን ያነሣል። ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይቋረጥ የደማ ድድ፣ የተነቃነቀ ጥርስ ወይም ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ቀለሙን ስለ ማጥፋት ከማሰቡ በፊት መታየት አለበት። ድዱ ከዳነ በኋላ ንቅሳቱን ማቆየት ወይም ማስነሣት የባለቤቱ ምርጫ ነው።