ልብን ያየ ዓይን

ልብ በቋንቋችን ደም የሚረጭ ጡንቻ ብቻ አይደለም። አስተዋዩን ልባም፣ ደፋሩን ልበ ሙሉ፣ ዝንጉውን ልበ ቢስ እንላለን፤ ፈጥረን የምንጽፈውን ታሪክ እንኳ ልብ ወለድ ብለን ሰይመነዋል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው ብሂልም የማየትን ሥልጣን ከዓይን ወስዶ ለልብ ይሰጣል። እኔ ዛሬ የምተርከው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው፦ ዓይን ልብን ለማየት የተጓዘበትን መንገድ፣ በተለይም ከቫይረስ ሕመም የተነሣ ሰው ልቡ በእርግጥ አገግሞ እንደሆነ ሲጠየቅ ሥዕል የሰጠውን መልስ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሐኪም ለብዙ ዘመን ልብን የሚያውቀው በእጁና በጆሮው ነበር። በ1816 ፈረንሳዊው ሬኔ ላኤኔክ ወረቀት ጠቅልሎ በአንዲት ሕመምተኛ ደረት ላይ አኖረና የልቧን ምት ጥርት አድርጎ ሰማ፤ የሐኪም ማዳመጫ ከዚያ ተወለደ። በ1837 ደግሞ ሶበርንሃይም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የልብ ጡንቻን ብግነት «ማዮካርዳይተስ» ብሎ ሰየመው። ስም ተገኘለት እንጂ ሕመሙ በሕይወት ባለ ሰው ላይ በዓይን የሚታይ አልነበረም።

የሚመታ ልብ በድምፅ ሞገድ የተመዘገበው በስዊድን፣ በሉንድ ከተማ ነው። ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትስ በማልሞ የመርከብ ግንባታ የብረት ስንጥቅ የሚፈለግበትን መሣሪያ ሞከሩ፤ ከዚያም መሰሉን ከሲመንስ ኩባንያ ተውሰው ኦክቶበር 29 ቀን 1953 የልብን እንቅስቃሴ መዘገቡ። ዛሬ የልብ አልትራሳውንድ የምንለው ጅማሬው ይህ ነው። የመርከብን ስንጥቅ የሚያስስ መሣሪያ የሰውን ልብ ሊያስስ መዋሉ ለእኔ ከብዙ ልብ ወለድ ይልቅ ያስደንቀኛል።

አልትራሳውንድ የልብን አመታት ያሳያል፤ ጡንቻው ውስጥ የተቋጠረውን ውኃና የቀረውን ጠባሳ አጥርቶ ለማየት ግን ሌላ ዓይን ያስፈልግ ነበር። በ1973 ፖል ላውተርበር በመግነጢስ ኃይል ምስል ማንሣት እንደሚቻል አሳየ፤ በ2003ም ከፒተር ማንስፊልድ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ኤም አር አይ ልብን መመርመር ከጀመረ በኋላ፣ በ2009 ሊቃውንት ብግነትን ከምስል የሚለዩበትን መስፈርት አወጡ፤ በ2018 አሻሻሉት። በካናዳዊቷ ሌክ ሉዊዝ ስም ይጠራል።

ከዚያ 2020 መጣ። በሐምሌ ወር ከፍራንክፈርት የወጣ ጥናት ከኮቪድ ያገገሙ 100 ሰዎችን ልብ በኤም አር አይ መርምሮ፣ በ78ቱ ላይ አንዳች ምልክት አገኘ። ከመቶው 67ቱ በቤታቸው ታመው የዳኑ ነበሩ። ዓለም ደነገጠ። በጥናቱ ስሌት ላይ ስሕተቶች ተገኝተው ቢታረሙም፣ ተመራማሪዎቹ ዋናውን መደምደሚያ አልለወጡም። የልብ ብግነት ሥጋት በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞችንም ጨዋታ እስከማራዘም አደረሰ።

በ2021 የወጡ ጥናቶች ነገሩን አረጋጉት። በአሜሪካ ከተመረመሩ 1,597 የዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች ብግነት የተገኘባቸው 37 ብቻ፣ ማለትም 2.3 በመቶ ነበሩ። በለንደን ደግሞ ኮቪድ ቀለል ብሎ ያለፈላቸው 74 የጤና ባለሙያዎች ካልተያዙ 75 ባልደረቦቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከስድስት ወር በኋላ በልባቸው ላይ ልዩነት አልታየም።

ታዲያ ሥዕሉ ዋሸን? አልዋሸም። ሥዕል የሚናገረው በማን ላይ፣ መቼ፣ ከማን ጋር ተነጻጽሮ እንደተነሣ ሲታወቅ ነው። ከ37ቱ ስፖርተኞች መካከል ምልክት ያለባቸው ብቻ ቢመረመሩ ኖሮ የሚገኙት አምስት ነበሩ፤ የቀሩት ደህና ነኝ ብለው ወደ ሜዳ ይመለሱ ነበር። የተቆጣ ልብ በብርቱ ሩጫ መካከል በድንገት ሊቆም ስለሚችል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደገና ከተመረመሩት 27ቱ ግን የሁሉም እብጠት ጠፍቶ ነበር፤ የጠባሳው ምልክት ፈጽሞ የጠፋላቸው 11 ናቸው። ማገገም በአንድ ምስል አይነበብም፤ የመጽሐፍ ታሪክ በአንድ ገጽ እንደማይነበብ ሁሉ፣ ሁለተኛው ገጽ መገለጥ አለበት።

ሌላም ወገን አለ። ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ደረጃ መውጣት የሚያደክመው፣ ልቡ የሚመታበት ሰው አለ። ለእርሱ «ምንም የለብህም» ማለት ሥዕሉ ያላለውን ማለት ነው። ሥዕሉ የጡንቻውን እብጠትና ጠባሳ ይመሰክራል፤ የሰውየውን ድካም ግን ከሰውየው አፍ በቀር የሚነግረን የለም። ላኤኔክ ወረቀቱን የጠቀለለው ለመስማት ነበር። ዛሬ ማየት የቻለ ሐኪም መስማቱን ቢተው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከነበረው ያነሰ ያውቃል። ብሂሉ እውነቱን ነው፦ ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ልብን የሚያይ ዓይንም ቢሆን።