ከቁንዝላ አልጋ ቤት እስከ እቴጌ ሆቴል

ጎንደር ሕክምና ለመማር ስሄድ መንገዴ በጣና ላይ ነበር። እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር የምትነሳው መርከብ ዘጌንና ደቅን ነካክታ ማታ ቁንዝላ ትደርሳለች፤ እዚያው አድራ ሰኞ ጎርጎራ ታራግፈናለች። ከጎርጎራ እስከ ጎንደር ደግሞ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ አቧራ ነው። እኔ የቁንዝላ ልጅ ስለሆንኩ የምሳፈረው ሰኞ ጠዋት ነበር። ከባሕር ዳር የመጣው ሰው ግን ሌሊቱን የሚያሳልፍበት አልጋ ይፈልጋል። ያን አልጋ ከሚያከራዩት አንዷ አያቴ ነበረች።

ቤቷ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ስድስት ክፍል፣ በረንዳው ወደ ሐይቁ። የሽቦ አልጋ፣ አንሶላ በየሳምንቱ የሚቀቀል፣ ማታ ማታ ፋኖስ። የከተማው ሰው «ባለአልጋዋ» ይላት ነበር፤ ለክብር ብሎ እንዳይመስላችሁ። እንግዳ የእግዜር ነው በሚባልበት አገር፣ እንግዳን አሳድሮ «ሒሳብ» ማለት ደፋር ያሰኛል። እኔም ጊቢ ውስጥ ጓደኞቼ አያትሽ ምን ይሠራሉ ሲሉኝ «ነጋዴ ናት» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ያሳፍረኛል።

የጎንደር ተማሪ የነበርን ሁላችን ቅርስ ሲባል ዓይናችን ወዴት እንደሚዞር እናውቃለን። በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የፋሲል ግቢ አጠገባችን ነው፤ ስንመላለስ የኖርነው በነገሥታት ግንብ ሥር ነው። የተገዛ የተሸጠበት፣ የተበላ የታደረበት ቤት ቅርስ ይሆናል ብሎ ያስተማረን የለም።

ይህ ሐሳብ የገባኝ ለስፔሻሊቲ ፈተና አዲስ አበባ ሄጄ፣ ርካሽ ነው ተብዬ ፒያሳ እቴጌ ሆቴል ያረፍኩ ጊዜ ነው። የእንጨቱ ወለል ሲራመዱበት ይጮሃል። ለፈተናው ላጠና ይዤው የሄድኩትን መጽሐፍ ትቼ ስለ ቤቱ መጠያየቅ ያዝኩ።

ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ የውጭ ሰው ይጎርፍባት ጀመር፦ ዲፕሎማቱ፣ ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙም ጭምር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ ገና በበቅሎ ነው። ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። ታዲያ የመጣው ሰው የት ይደር? የንጉሥ እንግዳ ከሆነ ድርጎ ይሰፈርለታል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ ሳይቀር። የማንም እንግዳ ያልሆነው ግን ድንኳኑን ይተክላል ወይም የአገሩን ሰው ደጅ ይጠናል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን ያሠሩት ለዚህ ችግር ነው፤ በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ድርጎ በሒሳብ ሲተካ፣ ማንነትህና የማን እንግዳ መሆንህ ቀርቶ ኪስህ መጠየቁ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ለውጡን መኳንንቱ ወዲያው አልወደዱትም። እንደሚተረከው፣ ምግብ መሸጥም ሆነ ገዝቶ መብላት ነውር ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ባለሟሎቻቸውን ይዘው ሄደው በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አሳይተዋል። ተረኩ እውነት ይሁን ማስዋቢያ፣ ከዘመኑ መንፈስ ጋር ይሄዳል፤ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሸማኔውን፣ ጠይቡን፣ የእጅ ሠራተኛውን ማንም እንዳይሰድብ በአዋጅ ከልክለዋልና።

ስለ ዕድሜው አንድ ነገር ላንሳ። የእንግሊዝኛ ብሮሹሮች «1898» ብለው ያትማሉ። ቁጥሩ የፈረንጅ ከሆነ ሆቴሉ ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች ይመደባል፤ የእኛ ከሆነ ግን ንግሥቲቱ ካረፈች አምስት ዓመት ያህል ሆኗል። እኔ የእኛው አቆጣጠር ነው ባይ ነኝ፤ ምርቃቱን 1900 ዓ.ም. ላይ የሚያደርጉ ጽሑፎችም አሉና ከዚያ ጋር ይገጥማል። በሽተኛ ካርዱ ላይ ዕድሜው ተሳስቶ ሲጻፍ እንደሚያናድደኝ ይሄም ያናድደኛል።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ሆቴሉ በእሳት ተያያዘ። ያ የሚጮኸው እንጨት እሳት ሲያገኝ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ የጃዝ አፍቃሪዎች ቤት የነበረው ጃዛምባም አብሮ ነደደ። ያን ቀን ተረኛ ነበርኩ፤ ዜናውን ሰምቼ አልጋዬን፣ የክፍሌን መስኮት ነበር ያሰብኩት። ቤቱ ታድሶ እንደገና እንግዳ ተቀበለ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ የድሮ ሠፈሮች ሲፈርሱም እሱ ቆሟል። ዛሬም አልጋ ያከራያል፤ ለእኔ ትልቁ ዋጋው ይኼ ነው። ሙዚየም ቢሆን ኖሮ ግማሹን ያጣ ነበር። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ይላል እንጂ ግንብና ገዳም ብቻ ብሎ አልወሰነም። ወሰኑን ያበጀነው እኛው ነን።

ከፈተናው ስመለስ ለአያቴ ነገርኳት።

«እማዬ፣ እቴጌ ጣይቱም እንዳንቺ አልጋ ቤት ነበራቸው።»

«ንግሥቲቱ?» አለች።

«አዎ፣ ራሳቸው አሠርተው።»

ዝም ብላ ቆየችና «አንሶላውን ማን ያጥብላቸው ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስከዛሬም ያነበብኩት ሁሉ ያን አይነግረኝም።

በዱርቤቴ በኩል መኪና እንደልብ ሲገባ ቁንዝላ የሚያድር ተሳፋሪ እየሳሳ ሄደ። አያቴ ካረፈች በኋላ ወራሾች ቆርቆሮውን ነቅለው ሸጡት፤ ጭቃውን ሁለት ክረምት ጨረሰው። እኔም ከወራሾቹ አንዷ ነኝ። «ይፍረስ?» ተብዬ ስጠየቅ በስልክ «እንዳላችሁ» ብያለሁ፤ ያኔ ስለ እቴጌ ሆቴል አሳምሬ አውቅ ነበር። አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ሳላስነሳ።

ስለዚህ ይህን መጽሔት የምታነቡ የድሮ የጎንደር ተማሪዎችና መምህራን፣ ከእናንተ መካከል በዚያች መርከብ የመጣ፣ ቁንዝላ ያደረ አይጠፋም። በረንዳው ወደ ሐይቁ የሆነ፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባ ቤት ፊት የተነሳችሁት ፎቶ ካለ፣ ከኋላችሁ ነጠላዋን አገልድማ የቆመች ቀጭን ሴት ካለች፣ እሷ ናት። ግልባጩን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብትሰጡልኝ ይደርሰኛል።