ደጅ ጥናት በስልክ

በምኒልክ ዘመን ሹመት የፈለገ ሰው ማመልከቻ አይጽፍም፤ ደጅ ይጠናል። ማልዶ ተነሥቶ፣ ሸማውን አደግድጎ፣ ጌታው በሚወጣበት በኩል ይቆማል። ወር ያልፋል፣ ክረምት ያልፋል። ስንቅ ያለቀበት ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ከተማ ውስጥ የሚያበላው ዘመድ ያለው ይሰነብታል። ጌታው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስለማያየው ነው። በመሀል አጋፋሪው አለ። ማን እንደሚገባ፣ ማን ውጭ እንደሚቆይ፣ ግብር ላይ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚያስተናብረው እሱ ነው። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» ውስጥ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ሲዘረዝሩ ያነበበ ሰው፣ መታየት ራሱን የቻለ ሙያ እንደነበር ይገባዋል።

ደጅ ጠኚ ዝም ብሎ የሚቆም ነው። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ግን ይፎክራል። በሌላ ቀን ራሱን ቢያሞግስ «ምን ነካው?» የሚባለው ሰው፣ በዚያ ሰዓት ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም እየጠራ በጌታው ፊት ይንጎራደዳል። የፈረስ ስም ቀላል ነገር አልነበረም። አባ ታጠቅ ከተባለ ቴዎድሮስ ናቸው፤ አባ በዝብዝ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ። በሁለት ቃል ሰውየው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝርዝር ነው፤ የት ቦታ፣ ከማን ጋር፣ ምን ሆነ። «እኔ ጀግና ነኝ» ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ አብረውት የዋሉት ሰዎች ዙሪያውን ቆመው እየሰሙት ነው።

ወጣቶቻችን «ራስን ማስተዋወቅ የፈረንጅ አመል ነው፤ እኛ አልለመደብንም» ሲሉ የምስቀው ለዚህ ነው። ልማዱስ ነበረን። ቦታና ሰዓት ነበረው እንጂ።

ጽሕፈት ቤቶች ሲበዙ ደጅ ጥናቱ ወረቀት ላይ ወጣ። በየመሥሪያ ቤቱና በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ጸሐፊዎች ተቀመጡ፤ መጀመሪያ በእጅ፣ በኋላ በታይፕ። ለባለጉዳዩ የሚጽፉለት መግቢያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ ከግርማዊነትዎ እግር ሥር ወድቆ፣ እጅ ነሥቶ፣ ገጹ ሊያልቅ ሲል ጉዳዩ ይመጣል። በ1950ዎቹ የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ቅጥርና ደረጃ በደንብ እንዲሆን ተደረገ። ደንቡ ጥሩ ነበር። አማላጁ ግን ከበሩ ወደ ስልኩ ሄደ እንጂ አልጠፋም።

በደርግ ጊዜ ነገሩ ለጥቂት ዓመታት ቆመ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ሰው መንግሥት ይመድበዋል፤ መታየት አያስፈልግም። እኔም ፐርሶኔል ክፍል የገባሁት በምደባ ነው። ማንም አላነጋገረኝ፣ ማንም አልመረጠኝ፤ ስሜ ዝርዝሩ ላይ ነበር፣ ሄድኩ። ዕድሜዬንም እዚያው ጨረስኩ።

ከ1983 በኋላ ምደባው ቀረ፣ ተመራቂው በዛ። የፕሬስ ሕጉ በ1985 ወጣ፤ ጋዜጦችም ፈሉ። ከ1933 ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ይሸከመው የነበረውን የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ፣ በ1988 የጀመረው ሪፖርተር ሲጋራው ጋዜጣው ወፈረ። ወፍራም ጋዜጣ ውድ ነው፤ ሥራ ፈላጊ ደግሞ ገንዘብ የለውም። አራት ኪሎ ላይ መፍትሔው ተገኘ፤ ጋዜጣ ኪራይ። ሰዉ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሳንቲም ከፍሎ፣ ማስታወቂያውን ብጣሽ ወረቀት ላይ እየገለበጠ ይመልሳል። አከራዩ ከላይ ቆሞ «ጨርስ እንጂ!» ይላል። ደህና ማስታወቂያ ያየው ሰው ጥጉን ቀደድ አድርጎ ኪሱ የሚከትበት ጊዜም ነበር፤ ቀጣዩ ተከራይ ቀዳዳውን ያነባል።

እኔ ያኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነበርኩ። ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ መዝገብ ቤቱ ማመልከቻውን በካርቶን ተሸክሞ ያመጣልኛል። ሁሉም «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል» ይላል። ዓይኔ ያልፈዋል፤ ተንኮል የለኝም፣ ዓይን እንደዚያ ነው የሚሠራው። አንዲት ልጅ ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ በነበረችበት መጋዘን የቆጠራ ልዩነት ከየት እንደመጣ እንዴት እንዳገኘች ጻፈች። ከዚያ በኋላ ሌላውን ገጽ ያነበብኩት ፈልጌ ነው።

ዛሬ ደጅ የሚጠናበት የባለሙያዎች ድረ ገጽ፣ ሊንክድኢን፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2003 ነው። በእኛ ሲቆጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1995 መሆኑን ሳይ ደነገጥኩ፤ ጋዜጣ ተከራዮቹ ይቀመጡበት የነበረው አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 ሐውልት ያለበት አደባባይ ነውና። የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን ደስ ይላል። ሪድ ሆፍማንና ባልደረቦቹ በእሱ ሳሎን የጠነሰሱት ነገር በመጀመሪያው ወር 4,500 ያህል አባላት ነበሩት። የሚያዩት ግድግዳ፣ የሚጽፉበት ገጽ አልነበረም። የሰው ፎቶ እንኳን የተጨመረው ዓመታት ቆይቶ ነው። ዋናው አሠራሩ ምልጃ ነበር፤ ልታገኘው የምትፈልገውን ሰው የሚያውቅ ወዳጅህን «አስተዋውቀኝ» ትለዋለህ፣ እሱ ሲፈቅድ መልእክትህ ያልፋል። ይህን ለአበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ለተመረጡ ታላላቅ ሰዎች የመጻፊያ መድረክ ተከፈተ፤ በ2014 ለሌላውም አባል መከፈት ጀመረ። ማይክሮሶፍት በ2016 በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው፣ ጸሐፊው ከአንባቢው የሚበልጥ የሚመስልበት አደባባይ ሆኖ ነበር። ሁሉም ሲፎክር ደግሞ ማን እንደሚሰማ የሚወስን ያስፈልጋል። አዲሱ አጋፋሪ አልጎሪዝም ነው። ጉቦ አይበላም፤ ፀባይ ግን አለው፣ ፀባዩንም አልፎ አልፎ ባለቤቶቹ ይናገሩታል። በ2020 አንባቢ አንድ ጽሑፍ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ መቁጠር እንደጀመሩ ገለጹ፤ ላይክ ሳያደርግ ቆሞ ያነበበ ሰውም ተቆጠረ ማለት ነው። በ2022 «ከተስማማችሁ ላይክ አድርጉ» እያሉ የሚለምኑ ጽሑፎችን ወደ ታች እንደሚያወርዱ አስታወቁ። በ2023 ደግሞ ዕውቀትና ምክር ያለበት ጽሑፍ፣ ከሁሉ በፊት ለጸሐፊው ተከታዮች እንዲደርስ ማስተካከያ አደረጉ። እኔ በካርቶኑ ላይ ካደረግኩት የተለየ ነገር አላየሁበትም።

የእህቴ ልጅ የውሃ መሐንዲስ ነው። የሥልጠና ሰርተፍኬት ባገኘ ቁጥር ፎቶውን ይለጥፍና «ይህን ዜና ሳካፍላችሁ የሚሰማኝ ደስታ ወሰን የለውም» ብሎ ይጀምራል። ስልክ ላይ ጽሑፉ ከጥቂት መስመር በኋላ ይቆረጣል፤ ቀሪውን ለማየት አንባቢው መንካት አለበት። እሱ ያቺን ቦታ በደስታው ይሞላታል፤ አጥር ሥር የነበሩት ማመልከቻ ጸሐፊዎች በእጅ መንሣት ይሞሏት እንደነበረው። «እቴቴ፣ ሃያ ሰው ብቻ ነው ያየው» ይለኛል። ሃያውም ቤተሰብ ነው።

«ሌሊት ሌሊት የት ነው የምታመሸው?» አልኩት። የሚያፈስ ቧንቧ ሲፈልጉ ሌሊት እንደሚሠሩ ነገረኝ። ሰው ሲተኛ ውሃ መቅዳት ይቆማል፤ የማጠራቀሚያው ቆጣሪ ግን እየሮጠ ከሆነ ውሃው መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ቫልቮቹን ሰፈር በሰፈር እየዘጉ ቆጣሪው የቱ ጋ ሲደርሱ እንደሚቀንስ ያያሉ፤ የቀነሰበት ሰፈር ሌባው ያለበት ነው። ይህን ሁሉ እየሠራ የሚለጥፈው ሰርተፍኬት!

የመጀመሪያውን መስመር አብረን ጻፍነው፤ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከተማው ተኝቷል፣ ቆጣሪው ግን ይሮጣል።» ቀሪውን እሱ በአማርኛ ጨረሰው። እንግሊዝኛ ካልሆነ ቀጣሪ አያየኝም ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ ቫልቭ የሚዘጉት ሰዎች በምን ቋንቋ ነው የሚነጋገሩት ብዬ አፉን አስያዝኩት። እንግሊዝኛውን ከሥር ጨመረበት፤ እሱም ልክ ነው፣ ቀጣሪው ናይሮቢ ሊሆን ይችላል።

ያየው ሰው ሚሊዮን አልነበረም። ግን አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ከደቡብ አካባቢ ረጅም ኮመንት ጻፉበት። «ልጄ፣ ቫልቭ እንዴት እንደሚዘጋ አልነገርክም። ቶሎ ከዘጋኸው የግፊቱ ምት ሌላ ቦታ ያፈነዳብሃል» አሉት። ልጁ አፈረ፣ ሊያጠፋው ነበር። ከለከልኩት። መልስ ስጥ አልኩት፤ ሰጠ፤ እሳቸው መለሱ፤ ሌሎች ባለሙያዎች ከጅማና ከመቀሌ ገቡበት። ከጽሑፉ ይልቅ ክርክሩን ያነበበው ሰው ሳይበልጥ አልቀረም። ሁለተኛውን ፖስት የጻፈው ቫልቭ ስንት ዙር፣ በምን ያህል ዝግታ እንደሚዘጋ ነው። አዛውንቱ እዚያም ሥር አንድ እርማት አላቸው።