አስፈሪው ተረት ለምን የእኛን አገር ይመርጣል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስላልኩ ግን እንደ ቀላል አትዩብኝ፤ ምን እንዳመጣብኝ ስትሰሙ ትረዱኛላችሁ።

የምሠራበት ቤት እዚሁ ሪያድ ውስጥ ነው፤ አራት ዓመት ሆነኝ። የማዳም ሁለት ወንዶች ልጆች ከአጎታቸው ልጆች ጋር ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አለ። አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው የታሪኩ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ነጋዴ። ተራኪው መብራት ቀንሶ "በሩ ተከፈተ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። እነሱም "እገባለሁ"፣ "እሸሻለሁ" እያሉ ይመልሳሉ። ከዚያ እንደ ሉዶ ዳይስ ይጥሉና ማን እንደተረፈ፣ ማን እንደተበላ ይታወቃል። እውነት ለመናገር ደስ ይላል። እኔም ሻይ ይዤ ስገባ ትንሽ ቆም ብዬ እሰማ ነበር።

አንድ ሐሙስ ታሪኩ የት አገር ይሁን ብለው ሲከራከሩ ደረስኩ። አንዱ አሜሪካ አለ፤ "ፊልሙ ሁሉ አሜሪካ ነው፣ ሰለቸን" አሉት። አንዱ ጃፓን አለ፤ እሱንም አልፈለጉትም። ትልቁ ልጅ ቀና ብሎ እኔን አየና "ሀበሻ ይሁን! ማንም አያውቀውም፣ ሲህርም ሞልቶበታል" አለ። ሁሉም ደስ አላቸው። "እስኪ አንድ የመንደር ስም ንገሪን" አሉኝ። እኔ ሞኟ የተወለድኩበትን ሰፈር ስም ሰጥቻቸው እየሳቅኩ ወጣሁ።

ትንሿ እህታቸው ስድስት ዓመቷ ነው። ለካ ከበሩ ኋላ ሆና ስትሰማ ኖራለች። በማግስቱ ምሳ ሳበላት አፏን ዘጋች። እኔ ካልተኛሁ የማትተኛው ልጅ "ሌሊት ፊትሽ ይለወጣል" ብላ አለቀሰች። ማዳም ሰማች። ምንም ሳትለኝ ክፍሌ ገብታ ሻንጣዬን ከፈተች። እናቴ ለቡናዬ ብላ የላከችልኝን ደረቅ ጤና አዳም አገኘችና አሽትታ "ይሄ ምንድነው? ሲህር ነው?" አለችኝ። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይህ ቃል በዚህ አገር የቀልድ ቃል አይደለም። ሲህር ወንጀል ነው፤ ፍርድ ቤት በሞት የቀጣባቸው ሰዎች አሉ። ጉልበቴ ከዳኝ። እንደምንም አስረዳኋት፤ ጤና አዳሙን ግን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የልጆቹ ክፋት አይደለም፤ ልጆች ናቸው። እኔን ያብሰለሰለኝ "ማንም አያውቀውም" ያለው ነገር ነው። ሰው አስፈሪ ታሪክ ሲያወጣ የማያውቀውን አገር ይመርጣል ማለት ነው? እኔ ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ታሪክ ግን ሁሌም እወዳለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስጨርስ በስልኬ ማንበብ ያዝኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። ግሪኮች ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሰው አገር ሁሉ በጅምላ "ኢትዮጵያ" ይሉት ነበር፤ ዛሬ በካርታ ላይ የምናያት ብቻ አይደለችም። እና ከታወቁት የጭራቅ ታሪኮቻቸው አንዱን እዚያ አደረጉት። የኢትዮጵያ ንግሥት ካሲዮፔያ በቁንጅና ተመካችና የባሕር አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ላከ። አውሬውን ለማብረድ ልጇ አንድሮሜዳ በሰንሰለት ከቋጥኝ ላይ ታሰረች። በኋላ ፐርሲየስ የሚባል የግሪክ ጀግና መጥቶ አዳናት። ልብ በሉ እህቶቼ፤ አውሬው የኛ፣ የታሰረችው ሴት የኛ፣ አዳኙ ግን የእነሱ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1759፣ ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል የእንግሊዝ ደራሲ "ራሴላስ" የሚል መጽሐፍ አወጣ። በሸለቆ ውስጥ ተዘግቶበት ስለሚኖር የሐበሻ ልዑል ነው። ጆንሰን አገራችንን በእግሩ አልረገጣትም፤ ከእኛ ዘንድ የነበረ አንድ የፖርቱጋል ቄስ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ተርጉሞ ነበር፣ ከዚያ ነው የሚያውቀን። መጽሐፉን የጻፈው እናቱ በሞተችበት ሰሞን ለቀብሯና ለዕዳዋ ገንዘብ አጥቶ ነው ይባላል። ይህን ሳነብ አዘንኩለት፤ ለእናት ብሎ መሥራትን እኛም እናውቀዋለን። መጽሐፉንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። ስለዚህ በማያውቁት አገር ላይ መጻፍ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ጆንሰን ልዑሉን እንደ ማንኛውም ሰው የሚያስብ፣ የሚጠይቅ፣ የሚሳሳት አድርጎ ነው የጻፈው።

ከሁሉም የነካችኝ ግን አይዳ ናት። ስሙን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የማን ታሪክ እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም ነበር። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ካይሮ ውስጥ ትልቅ የኦፔራ ቤት ሠርቶ ነበር። ለዚያ ቤት የሚሆን ታሪክ ማሪየት የሚባል ፈረንሳዊ የጥንት ግብፅ አዋቂ አዘጋጀ፤ ዜማውን ጣሊያናዊው ቬርዲ ሠራው። አልባሳቱ ፓሪስ ተሠርቶ ከተማዋ በጦርነት ስለተከበበች ትርኢቱ ዘገየ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ታየ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ተማርካ በፈርዖን ልጅ ቤት አገልጋይ ሆናለች። ማንነቷን ትደብቃለች። የግብፁ የጦር አለቃ ይወዳታል፤ እመቤቷ ደግሞ እሱን ትወዳለች። ኢትዮጵያውያን ተሸንፈው ታስረው በአደባባይ ይነዳሉ፤ አባቷም ከመካከላቸው ነው። መጨረሻው አስፈሪ ነው፤ የጦር አለቃው የጦሩን መንገድ አሳልፈሃል ተብሎ ከነነፍሱ መቃብር ውስጥ ይዘጋበታል። አይዳ አስቀድማ ተደብቃ ገብታ ኖሮ አብራው ትሞታለች። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ድንጋይ ተጭኖባት። ይህን ሳነብ በእውነት አለቀስኩ። ስንት እህታችንን ነው በበር ተዘግቶባት የምናውቀው?

አሁን ደግሞ ታሪኩን ከመድረኩ ውጪ ተከተሉት። አይዳ ካይሮ ላይ በታየች በወሩ፣ ጥር 1864፣ አጼ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ነገሡ። ኬዲቭ እስማኤል በመድረክ ያሸነፈውን አገር በእውነትም ሊይዝ ፈለገ። ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ መኮንኖች ያሉበት ጦር በምጽዋ በኩል ላከ። ኅዳር 1868 ጉንደት ላይ ያ ጦር ተደመሰሰ። ኬዲቩ ከዚያ የሚበልጥ ሌላ ጦር ላከ፤ እሱም የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ ጉራ ላይ ተሸነፈ። ሁለቱም ቦታዎች ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ናቸው። አስረኛ ክፍል ስለ ጉንደትና ጉራ ተምረናል፤ ከአራት ዓመት በፊት ያ ሰው በኦፔራ አሸንፎን እንደነበር ግን ማንም አልነገረን። የፈጠሩትን ታሪክ እንደ ካርታ ይዘው የመጡ ያህል ነው።

ይህን ሁሉ የጥንት ነገር ምን አመጣው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ወደዚሁ ወደ ሪያድ ልመልሳችሁ። ሐምሌ 2005 ሳዑዲ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ማስገባት ለጊዜው አቆመች። ያኔ የሚወራው ሀበሻ ልጅ ገደለች የሚል ነበር። ጥፋት ያጠፋ ካለ በሕግ ይጠየቃል፤ ወሬው ግን የአንድን ሰው ጥፋት ወስዶ የአገር አደረገው። ጥቅምት 2006 መጨረሻ ላይ የወረቀት አልባዎች አፈሳ ተጀመረና እኛ ቡና የምንጠጣበት መንፉሓ ግጭት ተነሳ። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። አፈሳው የመጣው በኢቃማ ጉዳይ ነው፤ በወሬው ነው አልልም። ግን ያን ጊዜ እዚህ የነበሩ ታላላቆቻችን ሲያወሩ እንደሰማሁት ከአፈሳው በፊት ነበር ሰው በመንገድ እንደ አውሬ ያያቸው የጀመረው። አስፈሪ ታሪክ አገር ሲመርጥ፣ ፍርሃቱ ከዚያ አገር የመጣችውን ሴት ማድ ቤት ድረስ ይከተላታል።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ አያቴ ሸክላ ሠሪዎች በሚያልፉበት መንገድ እንጀራ ይዤ እንዳልወጣ ትከለክለኝ ነበር። "ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ" ትለን ነበር። ቀጥቃጮቹንና ሸክላ ሠሪዎቹን ቤተ እስራኤላውያንን ነበር ድሮ እንዲህ የሚሏቸው። ማረሻችንን የሚሠሩልን፣ ጀበናችንን የሚሠሩልን እነሱ፤ የጅብ ተረታችን መኖሪያም እነሱ። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ተረቱ ግን አያቴ ቤት ቀርቶ ነበር። ማዳም ጤና አዳሜን ስታሸት ያየሁት ፊት የአያቴን ፊት ነው። አያቴ ደግ ሴት ነበረች። ነገሩን ከባድ ያደረገብኝም እሱ ነው።

ታዲያ ምን አደረግሽ በሉኛ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሻዩን አስቀምጬ አልወጣሁም። ትልቁን ልጅ "ያ የመንደር ስም የእናቴ ቤት ነው" አልኩት። ዝም አለ። ስለ ጉንደት ነገርኩት፤ በስልኩ ፈልጎ አነበበና "ወላሂ እውነት ነው" አላቸው። "ታሪኩን የምታውቁት ቦታ አድርጉት፤ የበለጠ ትፈራላችሁ" አልኳቸው። ተከራክረው ተከራክረው ድርዒያ፣ አያታቸው ያደጉበት የጭቃ ቤት ይሁን አሉ። ያን ማታ እንደዚያ ጮኸው አያውቁም! እያንዳንዱን በር ያውቁታላ። የትኛው ደረጃ እንደሚንቋቋ፣ ጉድጓዱ የት እንደነበር፣ አያታቸው ወደ የትኛው ክፍል እንዳይገቡ ይከለክሏቸው እንደነበር። የማያውቁት አገር ውስጥ የሚያስፈራው ሰዉ ነበር፤ በሚያውቁት ቤት ውስጥ ግን ሰዉ ያሳዝናል፣ የሚያስፈራው ታሪኩ ነው።

ትንሿ ልጅ ከእጄ ለመብላት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ማዳም ስለ ሻንጣው እስከ ዛሬ አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁም።

እህቶቼ፣ እኛም ዓርብ ቡና ላይ ተረት እናወራለን። የዚህኛው አገር ሰው እንዲህ ነው፣ የነዚያ አገር ሴቶች መተተኛ ናቸው እንላለን። አብረውን አንድ ቤት የሚሠሩትን የሌላ አገር እህቶች ሳይቀር። እስኪ ቀጥሎ ስታወሩ አንድ ጊዜ ቆም በሉና "እዚያ የተወለደች ልጅ ይህን ብትሰማ ነገ ከማን እጅ ትበላለች?" በሉ።

ለእናቴ ሌላ ጤና አዳም እንዳትልክ ነግሬያታለሁ። ቡናው ያለ እሱ ጣዕም የለውም፤ ቢሆንም እየጠጣነው ነው። ቸር ያሰማን።