ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ስንል ለተፎካካሪያችን ማምለጫ አላስቀረንለትም ማለታችን ነው። ካሸነፈ ጀግና፣ ከተሸነፈ ጉረኛ! ፈረስ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይፈርድም። ልባም ባለጋሪ ፈረሱ አልሄድ ሲለው አለንጋ ከማንሳቱ በፊት ኮቴውን ያያል፣ ጀርባው ተልጦ እንደሆነ ይፈትሻል፣ ጭነቱንም ይገምታል።

እኔ መሳለሚያ ሻይ ቤት ስቀመጥ ስለ ሯጮቻችን የምሰማው ፍርድ ከባለጋሪው ይልቅ የችኩል ነው። አንዱ «አለቀለት!» ይላል፤ ሌላው «ሰበብ ነው!» ይላል። አማርኛችን ግን ሰበብንና ምክንያትን ለይቶ አስቀምጦልናል። ሁለቱን ለመለየት ሦስት ጥያቄ ይበቃኛል። ችግሩ ከሽንፈቱ በፊት ነበረ ወይ? ከተሸናፊው አፍ ሌላ ምስክር አለው ወይ? ችግሩ ሲወገድስ ጉልበቱ ተመለሰ ወይ?

አበበ ቢቂላን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ነው። ቢሸነፍ ማንም የማይነቅፈው ምክንያት በእጁ ነበር፤ እሱ ግን በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ደግሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። «ከፍታው አደከመው» ብንል አያስኬድም፤ ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፣ አዲስ አበባም ከዚያ አታንስም። ወርቁንም እዚያው የወሰደው ማሞ ወልዴ ነው። የእግሩ ጉዳት ግን ከውድድሩ በፊት የነበረ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ዕድል አላገኘም፤ በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት ዳግመኛ በእግሩ አልሮጠም።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2004 አቴንስ ላይ በ10,000 ሜትር አምስተኛ ሲወጣ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር። ዘመኑ አለፈ ያለው ብዙ ነው። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህ ማለት ግን አቴንስ ላይ የቀነኒሳ በቀለ ወርቅ ያንሳል ማለት አይደለም። እውነተኛ ምክንያት ተሸናፊውን ያስረዳል እንጂ አሸናፊውን አይቀማም።

ምሩፅ ይፍጠርስ? በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5,000 ሜትር ማጣሪያው ሲጀመር ግን በቦታው አልነበረም። በ1976 አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሞንትሪያልን ስትረግጥ እሱም ቀረ። ያልሮጠ ሯጭ ደግሞ አልተሸነፈም። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። ሙኒክ ላይ ተፈርዶበት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሞስኮን አናያትም ነበር።

ነገሩ የሩጫ ብቻ አይደለም። ተማሪ ሲወድቅ ራት በልቶ ማደሩን ሳንጠይቅ «ሰነፍ» እንላለን። ሹም ዕቅዱ ሲከሽፍ ደግሞ በየዓመቱ ያንኑ ሰበብ ሲያነብልን እናጨበጭባለን። ለደካማው ምክንያት ነፈግን፣ ለብርቱው ሰበብ ፈቀድን። ኮቴውን ሳናይ አለንጋ አናንሳ። ኮቴው ደህና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ «ለምን ቆምክ?» ብሎ መጠየቅ የባለጋሪው መብት ነው።